ሐረር ላይ ኦርኪድ ለምትፈልጉ፦ እኚህን አባት ሳልጠቁማችሁ አላልፍም

«አይሆንም» የሚል ነጋዴ ብርቅ ነው። ሐረር ውስጥ ኦርኪድ እያባዙ የሚሸጡት፣ የተጎዳውንም ተክል ቤት ድረስ መጥተው የሚያድሱት አባት ግን ይህችን ቃል አይፈሯትም። ምስጋናዬም በዋናነት ለእሷ ነው።

ሲፕሪፒዲየም የሚባለውን ጫማ መሰል አበባ ያለው ኦርኪድ በፎቶ አይቶ «አምጡልኝ» የሚላቸው ሰው አይጠፋም። አያመጡም። የበረዶ አገር ተክል ነው፤ ሦስት ወር ያህል 5 ዲግሪና ከዚያ በታች ካልቆየ በቀጣዩ ዓመት በቅጡ አያቆጠቁጥም። የሐረር ብርድ ለእኛ እንጂ ለእሱ ብርድ አይደለም። በምትኩ የሚሰጡት ብሌቲላን ነው፤ ከእስያ የመጣ፣ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ሐምራዊ አበባ ያለው። መጋቢት ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራል፣ ውሃ በማያቁር አፈር። ቅጠሉ ኅዳር አካባቢ ቢጫ ሲሆን ውሃ ማጠጣት ይቆማል። የሞተ መስሎት ያኔ ውሃ የሚጨምርበት ሰው ነው የሚገድለው፤ የተኛ ሥር እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።

ሲምቢዲየም የሚባለው ኦርኪድም አላቸው። አበባ ለመቋጠር የሌሊት ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ከ1,800 ሜትር በላይ ላለችው ሐረር ይስማማል። ድሬዎች አትቀየሙ፣ ለእናንተ አይሸጡትም፤ እዚያ ቅጠል ብቻ ይዞ ይከርማል። ለድሬ ሙቀት ቫንዳ ወይም ሙቀት ወዳዱ ዴንድሮቢየም ይሻላል ይላሉ፣ በሼድ ኔት (በጥላ መረብ) ሥር።

ሥራቸውን ቆሞ ማየት ደስ ይላል። ተክሉን ከፖቱ ያወጡና እያንዳንዱን ሥር በሁለት ጣት ይስባሉ፤ ቆዳው ተንሸራቶ እንደ ክር ያለ ነገር ብቻ ከቀረ ሞቷል፣ ይቆረጣል። ጠንካራው አይነካም። አንዱን ተክል ሲከፋፍሉ በአንዱ ክፋይ ላይ ቢያንስ ሦስት እብጥ ግንድ ይተዋሉ፤ ከዚያ ካነሰ ለዓመታት አያብብም። ቢላዋውን ከተክል ወደ ተክል ሲሸጋገሩ በእሳት ይለበልቡታል፣ ምክንያቱም የሲምቢዲየም ቫይረስ በቢላ ላይ በቀረ ፈሳሽ ይተላለፋል፤ መድኃኒትም የለውም። ቁስሉ ላይ የከሰል ዱቄት፣ ከዚያ ጥቂት ቀን ያለ ውሃ።

ለሲምቢዲየም አፈር አይጠቀሙም። ሦስት እጅ የታጠበ ስኮሪያ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የጣት ጥፍር በሚያህል መጠን፣ አንድ እጅ ከሰል፣ አንድ እጅ የፓይን ልጣጭ። የቡና ገለባ እኛ ዘንድ ሞልቷል፣ ግን ቶሎ በስብሶ ይጣበቅና ሥሩን አየር ያሳጣዋል። ጀበና ውስጥ ቢገባ ይሻለዋል።

ከጋራ የተነቀለ ኦርኪድ በምንም ዋጋ አይቀበሉም። የዱሩ የመሬት ኦርኪድ ከአንድ ዓይነት ፈንገስ ጋር ተደጋግፎ ስለሚኖር፣ ተነቅሎ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ ይሞታል። መለያውንም ያሳያሉ፦ በፖት ያደገ ተክል ሥሩ የፖቱን ቅርጽ ይዞ ይዞራል፤ የተነቀለው የተበጣጠሰ ሥር ላይ የዛፍ ቅርፊት ወይም የጋራ አፈር ይዞ ይመጣል። ከውጭ ለሚያስመጣ ሰውም ኦርኪድ በሙሉ በሳይተስ (የዱር ዕፅዋትና እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው) ስምምነት ሥር መሆኑን፣ ኢትዮጵያም እንደ ፈረንጆቹ ከ1989 ጀምሮ አባል መሆኗን ያስታውሳሉ። የላኪው አገር ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ከሌለ እጃቸውን አያስገቡም።

የቧንቧ ውሃችን ኖራ ይበዛዋል፤ ፖቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ እሱ ነው። የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ በበርሜል ያዙለት። ማዳበሪያ በሊትር አንድ ግራም፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ በእርጥብ ሥር ላይ ብቻ።

ነውራቸው አንድ ነው፦ ቀጠሮ ያበዛሉ። አበባ ላይ ያለን ተክል አበባው ካለቀ በኋላ እንጂ ስለማይነኩ ወራት ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ዋጋቸውም ከመንገድ ዳር ይወደዳል። ስልካቸው በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ አለ፤ ስትደውሉ የግቢያችሁን ጥላ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።