ቤት በዋልንባቸው ወራት የተፈተነ የኤሌክትሪክ ምጣድ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነግሮ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤታችን ምሳውን ውጭ የሚበላ ሰው ጠፋ። አዲስ አበባ እንደ ሌሎች አገሮች ከተሞች ሙሉ በሙሉ ባትዘጋም፣ በወሩ መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በብዛት መሰብሰብን ስለከለከለና አትክልት ተራ እንኳ ወደ ጃንሜዳ ስለተዛወረ፣ ወጣ ገባ ማለቱን ቀነስን። ከጉሊት የምንገዛው እንጀራ ስንት እጅ እንደነካው የማይታወቅ መሆኑ ደግሞ እናቴን እንቅልፍ ነሳት። ምጣዱ የተገዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃው ከመርካቶ የተገዛ፣ በአገር ውስጥ የተሠራና የአምራቹ ስም ያልተጻፈበት ነው። በሸክላው ጀርባ በተፈለፈለው ቦይ ውስጥ የተዘረጋው ጥምዝምዝ ሽቦ በጄሶ ተሸፍኗል፤ ሙቀቱ ሸክላውን ዘልቆ መውጣት ስላለበት ምጣዱ ለመጋል ጊዜ ይወስዳል፣ አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሶኬቱ ተነቅሎም ይበስላሉ፤ ይህን የምታውቅ ጋጋሪ ከመብራት ወጪዋ ጥቂት ታተርፋለች። አዲሱ ሸክላ በጎመን ዘር በደንብ እስኪሟሽ ድረስ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ተጣብቀው መቀደዳቸው የማይቀር ሲሆን፣ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም።

ያልጠበቅነው ጥቅሙ ጭስ አልባ መሆኑ ነበር። ቤቱ በጭስ ስለማይታፈን፣ ልጃችን ከትምህርት ቤት በቴሌግራም የሚላክላትን መልመጃ እዚያው ኩሽና ተቀምጣ ትሠራ ነበር፤ ወንድሟ ደግሞ ሊጡን ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እያዞረ ማፍሰስ ተለማመደ። እናቴ ከበርጩማዋ ሳትነሳ፣ «የኔ ልጅ፣ ዓይኑ ሳይወጣ አይከደንም፤ ምን ያስቸኩልሃል?» ትለው ነበር። እርሱም ክዳኑን በእጁ እንደያዘ ይጠብቃል። (እውነቱን ለመናገር፣ ልጁ ከእኔ የተሻለ ይጋግራል።)

ነቀፋዬ በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛ፣ ሽቦው እኩል ተራርቆ ስላልተዘረጋ በአንድ ወገን ያለው የእንጀራው ጠርዝ ሲደርቅ ሌላኛው እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ሙቀት መቀነሻም ስለሌለው መፍትሔው ጠርዙ ሳይደርቅ ቶሎ ማውጣት ብቻ ነው። ሁለተኛውና የከፋው የኃይል ፍላጎቱ ነው። እንዲህ ያለው ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚፈልግ፣ ከውኃ ማፍያ ወይም ከካውያ ጋር አብሮ ሲበራ ብሬከሩ ይወርዳል፤ አብሮት የመጣው ቀጭን ገመድም ስለሚግል በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወፍራም ገመድ አስቀይረንለታል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀርቶ ሥርዓቱን በቴሌቪዥን በተከታተልንበት በዚያ ዓመት የፋሲካ ዋዜማ ግን መብራት ጠፋና፣ አብሲት ተጥሎለት ኩፍ ያለው ሊጥ እስከ ማግስቱ ቆይቶ ኮመጠጠ። ከሰል ያለው ጎረቤት ሲጋግር እኛ ሊጣችንን ታቅፈን አደርን። ይህ በእርግጥ የምጣዱ ጥፋት አይደለም፤ ሆኖም ዕቃውን የሚገዛ ሰው አማራጭ ማሰናዳት እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል።

ለሁለት ሰዎች የሚገዛው እንጀራ ይሻላል፤ ሊጥ ማቡካቱና አብሲት መጣሉ ለጥቂት እንጀራ አያዋጣም። ከዚያ በላይ ለሆነ ቤተሰብ፣ በተለይም ሁሉም ቤት በሚውልበት ወቅት፣ ያለ ማመንታት ግዙት እላለሁ። ሽቦው ቢቃጠልም የሚቀይሩ ጠጋኞች አይጠፉም። ሲገዙ ሸክላውን በጣት አንኳኩቶ ስንጥቅ እንደሌለው ማረጋገጥ፣ ከዚያም ሻጩ ሱቁ ውስጥ ሰክቶ እንዲያሳይ መጠየቅና ከጋለ በኋላ እጅን ከፍ አድርጎ በገጹ ላይ በማንቀሳቀስ ሙቀቱ ዙሪያውን እኩል መሆኑን መለካት ያስፈልጋል፤ «እቤት ወስደህ ሞክረው» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ወደሚቀጥለው ሱቅ ማለፍ ነው።