«7.1» የሚል ካርቶን አይታችሁ ብር እንዳታወጡ

ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ከደብረ ሲናም ከሸዋ ሮቢትም እየመጣችሁ እዚህ ዕቃ የምትገዙ፣ የጌም ሄድሴት ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። እኔ 4,800 ብር ከስሬበታለሁ። እናንተ እንዳትከስሩ ነው የምጽፈው።

ታናሽ ወንድሜ ማታ ማታ ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን የተኩስ ጌም ይጫወታል። እናታችን የምትተኛው አጠገቡ ባለው ክፍል ነው። ድምፁ እንዳይረብሻት ጥሩ ነገር ልግዛለት ብዬ ጠባሴ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ሁለት አወጣልኝ። አንዱ ቀይና ሰማያዊ መብራት ያለው፣ ካርቶኑ ላይ «7.1 ሰራውንድ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት። ሌላው መብራትም ማይክም የሌለው፣ ለሙዚቃ የሚሆን ጥቁር ሄድፎን። ዋጋውም ከመጀመሪያው ያንሳል። «ያኛው ሁለት ስፒከር ብቻ ነው፤ ይሄ ግን ሰባት አለው። ጠላት ከኋላ ሲመጣ ቁጭ ብለህ ትሰማዋለህ» አለኝ። አመንኩት።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ መጣና «ወንድምጋሼ፣ የእግር ኮቴው ከየት እንደሚመጣ አይለይም እኮ» አለኝ። ሞባይል የሚጠግን ጓደኛዬ ጋ ይዘነው ሄድን። በካቻቢቴ ከፈተው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ያለው አንድ ስፒከር ብቻ ነው፣ ከሲኒ አፍ ትንሽ የምታንስ። ከጎኗ አንድ ቁራጭ ብረት በሙጫ ተለጥፏል፤ ዕቃው ከበድ እንዲል ነው እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። የዩኤስቢውን ገመድ ስንከተለው ደግሞ ሁለቱም ሽቦ የሚሄደው ወደ መብራቱ ነው። ድምፁ የሚገባው በተራው ክብ ጃክ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ የሚያስተላልፈው የግራ ድምፅ፣ የቀኝ ድምፅና ማይክ ብቻ ነው። 7.1 ማለት ደግሞ 7 እና 1፣ በድምሩ 8 የተለያየ ድምፅ ነው። ስለዚህ ዩኤስቢው ለመብራት ብቻ ሆኖ ድምፁ በጃክ የሚገባ ሄድሴት «7.1» ከተባለ፣ ጽሁፉ ካርቶኑን ለማሳመር ነው። በየጆሮው ብዙ ስፒከር የተገጠመላቸው በእርግጥ ተሠርተዋል፤ የራዘር ኩባንያ ቲያማት 7.1 የሚባለው ሄድሴት በአንድ ጆሮ 5 ነበረው። እኛ ሱቅ የሚሸጠው ግን እሱ አይደለም።

ደግሞስ ለምን ብዙ ስፒከር ያስፈልጋል? ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መኪናው ሳይታይ ጥሩምባው ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በሁለት ጆሮ ነው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮ ላይ በጥቂቱ ቀድሞና ጎላ ብሎ ይደርሳል። የፊቱንና የኋላውን ለመለየት ደግሞ የጆሮ ቅጠላችን ቅርፅ ያግዛል። ኮምፒውተሩ ይህንኑ ልዩነት በሂሳብ አስመስሎ በሁለት ስፒከር ያሰማል። ኤችአርቲኤፍ የሚሉት እሱን ነው። ሥራው የሶፍትዌር ስለሆነ በማንኛውም ደህና ሄድፎን ይሠራል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ዊንዶውስ ሶኒክ» የሚባል በነፃ አለ። ፕሌይስቴሽን 5ም የራሱ 3ዲ ድምፅ አለው። ጌሙ ራሱ ይህን የሚያደርግ ከሆነ ግን የዊንዶውሱን አጥፉት፤ ሁለቱ ተደራርበው ሲሠሩ ድምፁ ይበላሻል፣ አቅጣጫውም ይጠፋል።

ስለዚህ ለሙዚቃ የተሠራውን ሄድፎን ግዙ፤ ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አይደለም። ኦም የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ሄድፎኑ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳየውን፣ እዩ። ኤችዲ 650 የሚባለው የሴንሃይዘር ሄድፎን 300 ኦም ነው። እንዲህ ዓይነቱን ላፕቶፕ ወይም ስልክ ላይ ብትሰኩት ድምፁ ይደክማል፤ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ይፈልጋል፣ እሱም ሌላ ወጪ ነው። 32 ኦም አካባቢ ከሆነ ችግር የለም። ጀርባው ክፍት የሆነው ሄድፎን ድምፁ ሰፋ ያለ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ወደ ውጭ ያፈሳል፤ እንደኛ ቤት እናት ጎን ለሚተኙበት አይሆንም፣ ጫጫታ ላለበት ጌም ቤትም አይሆንም። ዝግ የሆነውን ፈልጉ። ማይክ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ለብቻው ይገዛል። በብሉቱዝ ግን አትጫወቱ። ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ማይኩ ሲበራ ደግሞ የአብዛኛው ሄድሴት ጥራት እንደ ስልክ ጥሪ ይወርዳል።

ወደ ሱቁ ስመለስ «ከተከፈተ አይመለስም» ተባልኩ። ደረሰኝ አልያዝኩም ነበርና መከራከሪያም አጣሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ «7.1» ብለው ይጻፉልኝ በሏቸው። ሻጩ ካንገራገረ ዕቃውን እዚያው ተዉት።

ያን ዕለት ማታ ወንድሜ ከስልኩ ጋር የመጣችውን ተራ ኢርፎን ላፕቶፑ ላይ ሰካና ጌሙ ውስጥ ያለውን የድምፅ ማስተካከያ አበራ። ትንሽ ቆይቶ «ከኋላ በግራ!» ብሎ ዞረ። ጌሙ ውስጥ ያለው ጠላት እዚያው ነበር።