የመዝናኛ ፓርክ ዓመታዊ ፓስ፦ በየወሩ ወይስ ባንድ ጊዜ?

እዚህ ሎስ አንጀለስ ልጅ ያለው ሐበሻ ሁሉ ይቺን ጥያቄ ያመጣልኛል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሁለት ሰዎች ተከታትለው ጠየቁኝ። «የዲዝኒላንድን ፓስ (ዓመቱን የሚያስገባውን ካርድ) በየወሩ ብንከፍል ይሻላል ወይስ ባንድ ጊዜ?» የሚጠይቁኝ አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። አንዴ ስለተበላሁ ነው።

መልሴን ላስቀድም። ባንድ ጊዜ ክፈሉ። ገንዘቡ ባንዴ ከሌላችሁ እቁብ ግቡ። የግድ በየወሩ ነው ካላችሁ ደግሞ በ12 ወር ራሱ የሚያልቀውን ያዙ፤ ማለቂያ የሌለውን አትንኩ።

የሚያልቀው የዲዝኒላንዱ ዓይነት ነው። ማጂክ ኪይ የሚሉት ፓስ በኦገስት 2021 ሲወጣ ርካሹ 399 ዶላር ነበር። ሰው ጆሮ የገባው ግን «በወር 19 ዶላር» የምትለዋ ናት። እውነት ነው፣ ግን መጀመሪያ 179 ዶላር ቅድሚያ ይከፈላል። የቀረው 220 ለ12 ሲካፈል 18 ዶላር ከ33 ሳንቲም ይመጣል። ያውም ለአንድ ሰው። ልጅ ሦስት ዓመት ከሞላው እንደ አዋቂ ነው የሚከፈልለት፤ የልጅ ቅናሽ ብሎ ነገር የለም። አራት ነፍስ ከሆናችሁ በመጀመሪያው ቀን 716 ዶላር፣ ከዚያ በየወሩ 73 ዶላር ከምናምን ማለት ነው። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፤ ሒሳቡን ግን በዚሁ መንገድ ሥሩት። «በወር ይህን ያህል» ሲሏችሁ ቅድሚያውን ጠይቁ፣ በቤተሰቡ ቁጥር አባዙ።

ደጉ ነገር ወለድ የለውም። ባንድ ጊዜ ብትከፍሉም በየወሩ ብትከፍሉም ድምሩ ያው ነው። ወርሃዊው ግን ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ብቻ ነው። ቬጋስ ያለው የአክስቴ ልጅ ሞክሮ ሙሉውን ክፈል ተብሏል።

ሌላው ጣጣ፣ ርካሹ ፓስ አብዛኛውን ቅዳሜና እሑድ ዝግ መሆኑ ነው። ልጆቹ ማክሰኞ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ታዲያ ማን ሊሄድበት ነው? ደግሞ ቀን ማስያዝ አለባችሁ። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ይዛችሁ ከቀራችሁ ለ30 ቀን ማስያዝ ትከለከላላችሁ። ክፍያው ግን አይቆምም።

አሁን ማለቂያ ወደሌለው ዓይነትና ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። የፓርኩን ስም ልተወው። በሩ ላይ ባለው መስኮት ቆመን፣ ልጆቹ እጄን እየጎተቱ፣ ለአራታችን በወር 56 ዶላር ፈረምኩ። ዓመቱ ሲሞላ አለቀ ብዬ ረሳሁት። ታክስ ልሠራ የባንክ ወረቀቴን ዘርግቼ፣ በእስክሪብቶ እያንዳንዱን መስመር ስከተል 56 አየሁ። ወደ ላይ ሄድኩ፣ ሌላ 56። ሰባት ነበሩ። 392 ዶላር፣ ማንም እግሩን ላልረገጠበት ፓርክ!

ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። በመጨረሻ የወጣችው ልጅ በትሕትና «ውሉ ላይ አለ» አለችኝ። ወረቀቱን ፈልጌ አገኘሁት። አለ። ከጀርባው፣ በጉንዳን ፊደል፦ ካላቋረጡ በየወሩ ይቀጥላል። የመለሱልኝ የአንዱን ወር ብቻ ነው።

በዚህ ነገር የተማረረው እኔ ብቻ አይደለሁም። የባሕር እንስሳት የሚያሳየው ፓርክ ሲወርልድ፣ ኢዚፔይ በሚለው ወርሃዊ ክፍያው ያለፈቃዳችን አደሰብን ያሉ ደንበኞች በ2014 ከሰውት፣ ነገሩ በ2020 በ11.5 ሚሊዮን ዶላር ነው ያለቀው። በካሊፎርኒያ ሕግ ከጁላይ 2018 ጀምሮ በኢንተርኔት የተመዘገበ ሰው በኢንተርኔት ማቋረጥ መቻል አለበት። ስለዚህ ወርሃዊ የምትገቡ ከሆነ በር ላይ አትፈርሙ፣ እቤት ሆናችሁ ተመዝገቡ። በ11ኛው ወር ስልካችሁ እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ። ስታቋርጡም የገጹን ፎቶ አንሱ።

የካርዱም ነገር አለ። አንድ ጓደኛዬ ዴቢት ካርዱ ጠፍቶ ባንኩ አዲስ ቁጥር ሰጠው። ለፓርኩ መንገር ረሳ። ሁለት ልጆች የሚኪን ጆሮ አድርገው በር ላይ ሲደርሱ ማሽኑ አላሳልፍም አለ። ትንሿ «አባዬ፣ እንደገና ሞክረው» ትለዋለች። ያን ቀን በቁሙ ውዝፉን ከፍሎ ገባ። ሒሳባችሁ ባዶ በሆነበት ቀን ክፍያው ከመጣ ደግሞ ባንኩ የራሱን 35 ዶላር ሊጨምርባችሁ ይችላል።

በኢንተርኔት ግሩፕ ላይ «ፓስ በግማሽ ዋጋ» ብሎ የሚለጥፈውንም እለፉት። የዲዝኒላንድ ፓስ ለሰው አይተላለፍም፤ በር ላይ የባለቤቱን ፎቶ ነው የሚያዩት። አንድ ሰው 150 ዶላር ሰጥቶ ከበሩ ተመልሷል።

አሁን እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። አሥራ ሁለት ሆነን እቁብ ገብተናል፤ እያንዳንዳችን በወር 120 ዶላር እንጥላለን። እጣው 1,440 ነው። ለፈረንጁ በየወሩ ከመክፈል ለራሳችን በየወሩ እንከፍላለን። ብረሳ ዳኛው ይደውልልኛል፤ ባንክ እንዲህ አያደርግም። ዓመቱ ሲያልቅም እቁቡ ራሱ ያልቃል።

እጣዬ በነሐሴ ወይ በመስከረም እንዲሆን ከሰው እለዋወጣለሁ። ምክንያት አለኝ። ናትስ ቤሪ ፋርምና ማጂክ ማውንቴን የሚባሉት ፓርኮች (ከጁላይ 2024 ጀምሮ የአንድ ድርጅት ናቸው) የሚመጣውን ዓመት ፓስ ሰመር ሊያልቅ ሲል ነው በርከስ አድርገው የሚያወጡት፤ የያዝነውን ዓመት ቀሪ ጊዜም ይጨምሩበታል። ለእንቁጣጣሽ ሙሉውን ከፍዬ እገላገላለሁ።

ዲዝኒላንድን በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ግን ፓስ አያስፈልጋችሁም። በ2024 መጨረሻ የአንድ ቀን መግቢያ በረከሰው ቀን 104፣ በተጨናነቀው 206 ዶላር ነበር። የረከሰውን ቀን ጠብቃችሁ ሂዱ። ሳንድዊች ከቤት ያዙ፤ ምግብ ማስገባት ይፈቀዳል።