የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፦ ከአናጺ ወዳጄ ጋር በጅሬን ያሳለፍኩት ከሰዓት

ለሥራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ጅማ የመጣና ግማሽ ቀን የተረፈው ሰው ወዴት ልሂድ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሁልጊዜ ወደ ጅሬን እንዲወጣ እመክረዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እኔም ለሦስተኛ ጊዜ ወጣሁ፤ በዚህኛው ጉዞዬ ግን አብሮ አደግ ወዳጄ አብሮኝ ነበር። ወዳጄ እንጀራው እንጨት ነው፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን የጅማ በርጩማ ከአባቱ ተምሮ ዛሬ በርና መስኮት ይሠራል። በቀደሙት ሁለት ጉብኝቶች ሳላስተውል ያለፍኩትን ብዙ ነገር ያየሁት በእሱ ዓይን በመሆኑ፣ ቦታውን የምገመግመውም ከዚያ ቀን ተነሥቼ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ከከተማው መሀል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጅማን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ይገኛል። ያሠሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ናቸው። ስማቸው እንደ አገሩ ወግ የፈረስ ስም ሲሆን፣ መንግሥታቸውም ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነበር። ከእናታቸው ከንግሥት ጉሚቲ ምክር ጋር ስማቸው የሚነሣው እኚህ ንጉሥ ለአፄ ምኒልክ በጊዜ ገብረው፣ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል። ጦርነት ያልፈታው አገር ንግዱ ደርቶ፣ የሂርማታ ገበያ ከሩቅ በሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ይሞላ ነበር። ይህን ቤት ያለዚያ ገበያ ማሰብ አይቻልም፤ የዛሬዋ ጅማም የበቀለችው ከዚሁ ገበያ አጠገብ ነው።

ከግቢው ሕንፃዎች ሁሉ ዓይን የሚይዘው ባለ አንድ ፎቁ ዋና ቤት ነው። ሰፊው የጣሪያ ክፈፍ በረንዳውን ከፀሐይም ከዝናብም ይጋርደዋል፤ ዝናብ በማይጠፋባት ጅማ ይህን ያህል እንጨት ከመቶ ዓመት በላይ ሊቆይ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው መሆኑን ወዳጄ ገና ከሩቅ ሲያየው ነገረኝ። አስጎብኚያችን በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ስለ ንጉሡ ቁመት መርዘም ሲያጫውቱን፣ ወዳጄ ግን ፎቁ በረንዳ ላይ ተንበርክኮ የመከታውን እንጨቶች አንድ በአንድ ይዳስስ ነበር።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ የወጡ አይመስሉኝም» አላቸው።

እሳቸውም ወሬያቸውን አቋርጠው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። ወዳጄ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት እንጨቶችን አሳየን። ከሩቅ መንታ ይመስላሉ፤ ሲቀርቡ ግን የአንደኛው ወገብ ጠበብ ብሎ ጠርዙ የሰላ ሲሆን፣ የሌላው ወፈር ያለና ለስለስ ያለ ነው። አውራ ጣቴን ይዞ በጠርዙ ላይ ሲያስኬደው፣ መሮው ቆም ብሎ አቅጣጫ የለወጠበት ትንሽ ጎርበጥ ያለ ቦታ ተሰማኝ። «እዚህ ጋ የእንጨቱ የውስጥ መስመር ዞሮበታል፤ ሠራተኛው እንዳይሰነጠቅበት ከወዲያ በኩል ቆረጠው» አለኝ። አስጎብኚው ለብዙ ጊዜ ሰው ሲያስጎበኙ ይህን አስተውለው እንደማያውቁ በግልጽ ነግረውን፣ ከዚያ በኋላ ጠያቂው እሳቸው፣ መላሹ ወዳጄ ሆነ። የንጉሡን ስም ሁላችንም እንጠራለን፤ የጠራቢዎቹን ስም የሚጠራ ግን የለም። ያቺ ጎርበጥ ያለች ቦታ ግን ያንን ቀን የሠራውን ሰው አጠገቤ ያቆመችው ያህል ተሰማኝ።

አንድ ነገር አሳዝኖናል። ፎቶ የሚነሣ ወጣት ጎብኚ መከታው ላይ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ተንጠለጠለ። ወዳጄ ሄዶ በለሆሳስ «ወንድሜ፣ ይህ የሁላችን አያት ነው፤ አትደገፈው» አለው። ልጁም አፍሮ ወረደ። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ሁሉ ይህን አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው እለምናለሁ።

የግቢው መስክና ዛፎቹ ለብቻቸው ሰዓት ይፈልጋሉ። በግቢው ባለው መስጊድ የዐስር ሶላት ሰዓት ሲደርስ፣ ሰጋጆቹ እስኪጨርሱ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ቆየን። ከዚያ ላይ ሸለቆው፣ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹና ከተማዋን የከበባት አረንጓዴ በአንድ እይታ ይገባሉ። ጠዋት ጉም ስለሚበዛ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መውጣቱን እመርጣለሁ፤ ያኔ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የእንጨቱ ቅርጽ ጎልቶ ይታያል።

መጓጓዣን በተመለከተ፣ የሄድንበት ባጃጅ ደርሶ መልስ የተስማማንበትን ዋጋ ስንመለስ እጥፍ አድርጎ ጠይቆን ተጨቃጭቀናል፤ ስለዚህ የጥበቃው ሰዓት ጭምር በዋጋው ውስጥ መሆኑን ሳይሳፈሩ በፊት ቁርጥ አድርጎ መነጋገር ያስፈልጋል። ቁልቁለቱን ትንሽ እንደወረድን አንዲት እናት ከሚያፈሉበት ጎጆ ጎራ ብለን ቡና ጠጥተናል። «ልጆቼ፣ ሁለተኛውን ሳትጠጡ አትነሡም» ብለው አስቀመጡን፤ እዚያው ፊታችን የተቆላው ቡና ሽታ እስከ ማታ ልብሴ ላይ ነበር።

ለመሮጥ የሚፈልግ ሰው ቤቱን በሃያ ደቂቃ ዞሮ ሊወጣ ይችላል፤ እኛ ሦስት ሰዓት ቆይተን ምድር ቤቱን በቅጡ አላየነውም። ወዳጄ የአንዱን መከታ ቁመት በስንዝሩ ለክቶ ቁጥሩን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎታል። ቡናው በሚለቀምበት በኅዳር፣ ሜትር ይዘን ልንመለስ ተቀጣጥረናል።