የዳማን ሕይወት ላተረፈችልን የእንስሳት ሐኪም፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ጊኒ ፒግ (ጭራ የሌላት፣ ከአይጥ ወገን የሆነች ትንሽ የቤት እንስሳ) ገና ያስገባችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ "ግዙልን" እያሉ የሚወተውቷችሁ ሁሉ እባካችሁ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡልኝ። ጊኒ ፒጋችን ዳማ ዛሬ በሕይወት ያለችው ከፈጣሪ በታች በአንዲት ሐኪም ነው። ስሜን በይፋ አትጻፊ ብላኛለች፤ ለሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር እነግራለሁ።

ዳማን የሸጠልን ሰው "ምንም አታስቸግርም፣ ብቻዋን ትኖራለች፣ የጥንቸል መኖ ይበቃታል" ብሎ ነው ያስረከበን። ወለሉ ሽቦ የሆነ ጠባብ ቤት ሸጠልን፣ እላዩ ላይ "ስፖርት ትሥራበት" ብሎ የሚሽከረከር መሮጫ ጨመረልን። ሙያው የእሱ ነውና አምነን ተቀበልን። ብዙም ሳይቆይ ፀጉሯ ሻከረ፣ መኖዋን እየተወች ጥግ ይዛ ትቀመጥ ጀመር፣ ስትራመድ የኋላ እግሯን ትጎትታለች። ልጄ ልታነሳት ስትሞክር የምታሰማው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። አንዱ የእንስሳት ሐኪም ጋ ስንደውል "የምናክመው ውሻና ድመት ብቻ ነው" አሉን፤ ይሄስ እውነቱን መናገር ነው፣ አልቀየምም። ሌላው ግን ዳማን በእጁ እንኳ ሳይነካ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ አይቷት "ኢንፌክሽን ነው" ብሎ የሚጠጣ መድኃኒት ጽፎ ሸኘን። ምን ትበላለች ብሎ አልጠየቀም። ስንወጣ ደግሞ ልጄ እየሰማች "ለዚህች ብላችሁ ከምትንከራተቱ ሌላ ብትገዙ አይሻልም?" አለን። ልጄ ዳማን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ እስከ ቤት ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ወደዚህች ሐኪም የመራን አንድ ጥንቸል የሚያሳድግ ጎረቤት ነው፤ እሱንም እግዚአብሔር ይስጠው። ገና እንደገባን የተሰጠንን መድኃኒት ተቀብላ ጽሑፉን አነበበችና "ሰጥታችኋታል?" አለችኝ። ገና አልጀመርንም ነበር። "ተመስገን!" ብላ ብልቃጡን ከእኛ አርቃ አስቀመጠችው። አሞክሳሲሊን ነበር። እኛ ሰዎች እንደ ቀላል የምንውጠው ይህ መድኃኒት ለጊኒ ፒግ በአፍ ሲሰጥ ለምግብ መፈጨት የሚያስፈልጓትን የአንጀት ባክቴሪያዎች ገድሎ ራሷን ሊገድላት እንደሚችል ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከዚያ በላይ ያለውን ማብራሪያ ልድገመው ብል አልችልም። በቃ፣ ልጄ በገዛ እጇ ልታጠጣት የነበረውን ነገር አስቤ ሰውነቴ ራደ።

ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ጠረጴዛውን ትታ ወለሉ ላይ ፎጣ አነጠፈችና ከልጄ ጎን ቁጭ አለች። ዳማ ትንፋሿ እስኪረጋ ድረስ ሳትነካት ጠበቀች። እስከዚያው ምን እንደምትበላ፣ በምን ላይ እንደምትተኛ፣ ውኃዋን በምን እንደምትጠጣ ልጄን ትጠይቃታለች፤ እኔን አይደለም፣ ልጄን! በኋላ በእርጋታ አንስታ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ ድዷን አሳየችን፣ መገጣጠሚያዎቿን ዳሰሰች። ራጅም አነሳቻት፤ እዚያ ላይ ምን እንዳየች ለእኔ አልገባኝም። የነገረችን ግን ግልጽ ነበር፦ ቫይታሚን ሲ አጥሯት ነው። ሰውም ጊኒ ፒግም ቫይታሚን ሲን በራሳቸው ሰውነት መሥራት አይችሉም፣ ጊኒ ፒግ በየቀኑ ከምግቧ ማግኘት አለባት። ጥንቸል ግን ራሷ ትሠራለች፤ ስለዚህ የጥንቸል መኖ ውስጥ አይጨምሩትም። ያ ሁሉ ስቃይ፣ ያ እግር መጎተት፣ ከዚህ የመጣ ነበር።

የዳማን መዳፍ ገልብጣ ስታሳየን ቆዳው ቀልቶ ላጥ ላጥ ብሏል። ሽቦው ነው። "በዚህ ከቀጠለ ቁስሉ ወደ አጥንት ሊገባ ይችላል" ብላ ወለሉን ለስላሳ ጨርቅ እንድናደርግበት፣ ቤቱንም በጣም እንድናሰፋው ነገረችን። መሮጫውንም አስወጣችው፤ ጀርባቸው ለእሱ አልተፈጠረም። ከሁሉ በላይ አጥብቃ የነገረችን ስለ ድርቆሽ፣ ማለትም ስለ ደረቅ ሣር ነው። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያድጋል፤ የሚያሳጥረው ቀኑን ሙሉ ድርቆሽ ማኘክ ነው። ሆዳቸውንም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ስለዚህ ድርቆሽ ከፊቷ መጥፋት የለበትም፤ ሌላው ሁሉ፣ የማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያም ይሁን ቅጠላ ቅጠሉ፣ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ቫይታሚኑን ውኃ ውስጥ መጨመር አያዋጣም፣ ቶሎ ይበላሻል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በአፏ ጎን በኩል ቀስ ብሎ ጠብ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ራሷ አሳየች፣ ቀጥሎ ሲሪንጁን ለልጄ ሰጠቻት። የልጄ እጅ ሲንቀጠቀጥ ከሥር በእጇ ደግፋ ያዘችላት። እኔ ይቺን ሴት የማልረሳት ለዚህ ነው።

በዚያው ማታ ስልኬ ጠራ። እሷ ናት። ዳማ በልታለች ወይ፣ ካካ ብላለች ወይ ብላ ጠየቀች። የእኔን አባት ካከሙት ሰዎች መካከል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በታመመበት ጊዜ ሁሉ ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳን አንድ ሰው አልነበረም፤ በየኮሪደሩ ቆመን እንጠይቃለን፣ "ቆይ" ይሉናል፣ ያልፋሉ። ስለዚህ አንዲት ሐኪም ከሥራ ሰዓት ውጭ ደውላ ስለ ጊኒ ፒግ አንጀት ስትጠይቀኝ እንባዬ መጣ። ጊኒ ፒግ ለግማሽ ቀን ያህል ካልበላች "ነገ አያታለሁ" እንደማይባል፣ ወዲያው ማምጣት እንዳለብን ያኔ ነው ደግማ ያሳሰበችን።

ዳማ ቀስ በቀስ ተነሳች። ልጄ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘነች ግራሙን ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ይህም የሐኪሟ ትእዛዝ ነው። እነዚህ እንስሳት አውሬ አድኖ እንዳይበላቸው ሕመማቸውን ስለሚደብቁ፣ ዓይን ሳያየው ሚዛኑ ቀድሞ ይናገራል። ጠንከር ስትል ደግሞ ብቻዋን እንዳትኖር ጓደኛ ፈለግንላት። አዲሷን፣ ቡላን፣ ከዳማ ጋር ከመቀላቀላችን በፊት ለብቻዋ አቆይተን ሐኪሟ ጋ ወሰድናት። ሴት መሆኗን ራሷ አረጋገጠች፤ ምክንያቱም ጊኒ ፒግ ገና የአንድ ወር ልጅ ሳለች ልታረግዝ ትችላለች፣ ሻጮች ደግሞ ፆታውን ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። አሁን ሁለቱ ድርቆሹ ሲንኮሻኮሽ እያፏጩ ይመጣሉ፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ ባሉበት ወደ ላይ እየተፈናጠሩ ይዘላሉ። ያቺ እግሯን የምትጎትተው ዳማ ናት የምትዘለው!

ዶክተር፣ እጅሽ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ክፉ አይንካብሽ። የሠራሽው ለዳማ ብቻ አይደለም፣ ለልጄም ነው።

እናንተም፣ ጊኒ ፒግ ያላችሁ፣ እባካችሁ እስክትታመም አትጠብቁ። ገና እንደገዛችሁ ውሰዷት፣ አስመርምሯት፣ ጠይቁ። ደግሜ እላለሁ፣ ጠይቁ፤ ይቺ ሐኪም ጥያቄ አይሰለቻትም። ስትሄዱ ለጊኒ ፒጓ የምትሰጧትን መኖ ከነማሸጊያው ያዙ፣ የምትኖርበትንም ቤት ፎቶ አንሱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። የስልክ ቁጥሯን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳልኛለች፣ እልክላችኋለሁ። ቀጠሮ ስለሚበዛባት ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ጊኒ ፒጓ መብላት ያቆመች ከሆነ ግን ያንኑ ንገሯት፣ ሰዓት ፈልጋ ታስገባችኋለች።