ኢንዱስታር-51፣ 210 ሚሊ ሜትር፦ በእጅ ለተሠራ 4×5 ካሜራ

4×5 ኢንች ፊልም የሚወስድ ካሜራ በእጁ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ሌንስ ምረጡ ብንባል ይህን አሮጌ የሶቪየት ሌንስ እንመርጣለን። የተሠራው ለ13×18 ሳንቲ ሜትር የስቱዲዮ ካሜራ ስለሆነ 4×5ን እስከ ጥጉ ሸፍኖ ይተርፋል። አሠራሩ ቴሳር እንደሚባለው የታወቀ የሌንስ ንድፍ ባለ አራት ብርጭቆ ነው። አፐርቸሩ (የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው) በሰፊው ሲከፈት፣ በኤፍ/4.5፣ ዳር ዳሩ ይለሰልሳል፣ ለፊት ፎቶ ያምራል፤ ሲጠብ፣ በኤፍ/22፣ ጥርት ይላል።

ትልቁ ጉድለቱ ሹተር (ብርሃኑን ከፍቶ የሚዘጋ መሣሪያ) የለውም፤ ክዳኑን በእጅ ከፍቶ መዝጋት ነው። በ100 አይ ኤስ ኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) ፊልም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኤፍ/22 ላይ 1/50 ሰከንድ ይበቃል፤ ለእጅ ግን የማይቻል ፍጥነት ነው። ባለ 6 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት፤ እያንዳንዱ ስቶፕ በግማሽ ይቀንሳል) ሲገባ ከ1 ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ርካሹ መንገድ በፊልም ፈንታ የፎቶ ማተሚያ ወረቀት ነው፦ 6 አይ ኤስ ኦ ብለው ቢያሰሉ ጥላ ውስጥ በኤፍ/22 ወደ 3 ሰከንድ ይወስዳል። ወረቀት ቀይ ብርሃን ስለማያይ ግን የሰው ፊት ከመጠን በላይ ይጠቁራል።

ሣጥኑን ከመቁረጥዎ በፊት ሌንሱን ወደ ሩቅ ሕንፃ አዙረው ምስሉን ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉና ከሌንሱ ማሰሪያ እስከ ወረቀቱ ይለኩ። 210 የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አምኖ የሚቆርጥ ይሳሳታል፤ ያ ቁጥር ከማሰሪያው ጀምሮ የተለካ አይደለም። ሌንሱ ከዚያ ቦታ፣ 2 ሜትር ላይ ላለ ነገር 25 ሚሊ፣ 1 ሜትር ላይ ላለ 56 ሚሊ ወደፊት መውጣት አለበት። ስለዚህ ወናፍ (የካሜራውን ተጣጣፊ መሐል) መስፋት የሰለቸው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ሣጥን 70 ሚሊ ቢላወስ ይበቃዋል። በ1 ሜትር ላይ ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ በ1.6 ማባዛት አይርሱ።

ምስሉን አይቶ ለማስተካከል ከኋላ የሚገባው ደብዛዛ መስታወት ሻካራ ገጹ ወደ ሌንሱ ይዙር፤ በመደበኛው የፊልም መያዣ ፊልሙ 5 ሚሊ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ መስታወቱም እዚያው ልክ ላይ ይዋል። ሌሎች ስህተቶች ይታረማሉ፤ ይህ 1 ሚሊ ቢዛነፍ ግን በክፍት አፐርቸር የተነሳው ሁሉ ይደበዝዛል።

ሌንሱ ለሚታሰርበት የፊት ሰሌዳ 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በቂ ነው። ሌንሱ ከነማሰሪያ ቀለበቱ መሸጡን ያረጋግጡ፤ ቀለበቱን ለብቻ ማግኘት አድካሚ ነው። ቀለበቱን በብሎን ይሰሩት እንጂ በማጣበቂያ አይለጥፉት፤ ለጽዳት መፈታቱ አይቀርም። አፐርቸሩ በደረቀ ቅባት ከተያዘ በኃይል አይጠምዝዙት፣ ስስ ክንፎቹ ከመያዣቸው ይወልቃሉ። በባትሪ ብርሃን ሲያዩት ውስጡ ጭጋግ ወይም እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ካለበት፣ የቱንም ያህል ቢረክስ ይለፉት።