ከቀኝ በኩል የሚሰማው ቫዮሊን፦ የካርሎስ ክላይበር ቤትሆቨን

ሁለተኛ ቫዮሊን ነው የምጫወተው። ዜማው ብዙ ጊዜ ያለው አንደኛ ቫዮሊኖቹ ጋር ነው። እኛ ከሥር ሆነን ምቱን እንይዛለን፣ መሐሉን እንሞላለን። ስለዚህ አንድ የሲምፎኒ ቅጂ እጄ ሲገባ መጀመሪያ ጆሮዬን የምጥለው የኛ መስመር ላይ ነው። አብዛኛው ቅጂ ላይ ተውጠን እንቀራለን። የሙዚቃ መሪው ካርሎስ ክላይበር የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራን እየመራ ባስቀረጸው የቤትሆቨን 5ኛና 7ኛ ሲምፎኒ ላይ ግን ቁልጭ ብለን እንሰማለን። ይህን ሲዲ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው በዋናነት ለዚህ ነው።

ሲዲውን ያወጣው ዶይቸ ግራሞፎን የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ነው፣ «ዘ ኦሪጅናልስ» በሚለው ተከታታዩ። ቀረጻው የተደረገው ቪየና ውስጥ፣ ሙዚክፌራይን በሚባለው ዝነኛ አዳራሽ ነው። 5ኛው በ1974፣ 7ኛው ደግሞ በ1975 እና በ1976 ተቀረጹ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) መጀመሪያ በሁለት የተለያዩ ሸክላዎች ነበር የወጡት። አሁን ሁለቱም አንድ ዲስክ ላይ አሉ፤ ከ70 ደቂቃ ጥቂት ያልፋሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከወንበር አቀማመጥ ነው። ዛሬ ብዙ ኦርኬስትራ አንደኛና ሁለተኛ ቫዮሊንን ጎን ለጎን በግራ ያስቀምጣል። ክላይበር ግን አንደኞቹን በግራው፣ ሁለተኞቹን በቀኙ አድርጎ ፊት ለፊት ያፋጥጣቸዋል። አቀማመጡ የድሮ ነው፤ በቤትሆቨን ዘመንም የተለመደ ነበር። ለተጫዋቹ ይከብዳል። አንደኞቹ ሩቅ ናቸው፣ የምትደገፍበት ጎረቤት የለህም። አድማጩ ግን ሁለት ቡድን ሲነጋገር ይሰማል።

5ኛውን ክፈቱ። ያቺን አራት ኖታ የማያውቃት የለም። መላው የክር መሣሪያ ከክላሪኔት ጋር ሆኖ ሁለቴ ይመታታል። ከዚያ ድምፁ ድንገት ዝቅ ይላል። አሁን ቃሉን የሚያነሳው ማን ነው? ሁለተኛ ቫዮሊን! ቪዮላ (ከቫዮሊን ተለቅ ያለው) ይቀበለዋል፤ አንደኛ ቫዮሊን የሚደርሰው በሦስተኛ ተራ ነው። በሌላ ቅጂ ይኼ ሁሉ ከአንድ አቅጣጫ ስለሚመጣ የአንድ ሰው ንግግር ይመስላል። እዚህ ግን ከቀኝ ይነሳና ተሻግሮ ግራ ይደርሳል። ደግሞ የክላይበር ፍጥነት አለ። ይቸኩላል ማለቴ አይደለም። ረጅሙን ድምፅ እስኪበቃው ይይዘዋል፣ ሲለቀው ግን ምንም ነገር ወደ ኋላ አይጎትተውም።

ከሦስተኛው ክፍል ወደ አራተኛው የሚያሻግረውን ቦታ ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ሁሉም ነገር ይሟሽሽና ቲምፓኒ፣ ማለትም ከበሮው፣ ብቻ በስሱ ይመታል። ክሮቹ ቀስ ብለው ይወጣሉ። ልብ ይሰቅላል። ከዚያ አራተኛው ክፍል ይፈነዳል። እስከዚያ ድረስ አንድም ኖታ ያልነበራቸው ትሮምቦኖች፣ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ፣ የሚገቡት እዚህ ነው። ክላይበር ቤትሆቨን «ይደገም» ያለውን ድጋሚም አያልፈውም፣ ያስደግመዋል። ደስታው ሁለቴ ይመጣል፣ ሁለተኛውም አይሰለችም።

ሰውየው ማነው? በ1930 በርሊን ተወለደ፣ ስሙም ካርል ነበር። አባቱ ኤሪክ ክላይበር የበርሊን ግዛት ኦፔራ ኃላፊና በዘመኑ ከታላላቆቹ የሙዚቃ መሪዎች አንዱ ነበር። የአልባን ቤርግን ኦፔራ «ቮትሴክ» ለመጀመሪያ ጊዜ በ1925 መድረክ ያወጣው እሱ ነው። ናዚዎች እንዲህ ያለውን አዲስ ሙዚቃ ሲያግዱ በ1934 ሥራውን ለቀቀ። ቤተሰቡ ዞሮ ዞሮ አርጀንቲና ገባ፤ ካርልም ካርሎስ ሆነ። አባትየው ልጁ ሙዚቀኛ እንዲሆን አልፈለገም። ዙሪክ ልኮ ኬሚስትሪ እንዲማር አደረገው። ልጁ ግን አልቻለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ፖትስዳም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ሲወጣ ካርል ኬለር በሚል ስም ነበር፣ በአባቱ ስም እንዳይለኩት።

ሲለኩት ግን ኖሩ፤ እሱም ራሱን ሲለካ ኖረ። አባቱ 5ኛውን በ1953 ከአምስተርዳሙ ኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ ጋር ቀርጾት ነበር። ያንን ቅጂ ካገኛችሁ አስተያዩት። ያው የማይላላ ምት እዚያም አለ። የልጁ ግን ይበልጥ ይተነፍሳል፤ ለእኔ እሱ ይበልጥብኛል።

ክላይበር በዱስልዶርፍ፣ በዙሪክ፣ በሽቱትጋርትና በሙኒክ ኦፔራ ቤቶች ሠርቷል። በኋላ ግን ቋሚ ሥራ አልፈለገም። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ከመሪው ከካራያን በኋላ ኑልን ሲለው እምቢ አለ። የቀረጻቸው ሥራዎች ጥቂት ናቸው። ቃለ መጠይቅ ይሸሽ ነበር። ሲመጣ ግን ብዙ የልምምድ ሰዓት ይጠይቅ ነበር፣ ክሩ የሚሳብበት የደጋን አቅጣጫ ሳይቀር በእጁ ምልክት የተደረገበትን የራሱን ኖታ ለተጫዋቹ ይዞ ይመጣ ነበር። የኔን ሙያ ሰው ይኼ አንጀቱን ይበላዋል። የኛን ገጽ ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ያነበበ መሪ ማለት ነው።

በ1982 የሆነውን ልንገራችሁ። ከዚሁ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የቤትሆቨንን 4ኛ ሲምፎኒ ሲለማመዱ ሁለተኛው ክፍል ላይ ተጣሉ። ያንን ክፍል የሚከፍተው የሁለተኛ ቫዮሊን ምት ነው። ክላይበር ምቱ «ቴ-ሬዝ፣ ቴ-ሬዝ» የሚለው የሴት ስም ሲጠራ እንደሚሰማው እንዲሆን ፈለገ። እናንተ የምትጫወቱት «ማ-ሪ» ነው አላቸው። ደጋግመው ሞከሩ፣ አልሆነለትም፣ ጥሎ ወጣ። ኮንሰርቱንም ሰረዘ። ብዙ ሰው ይኼን የሚያወራው አመለ ቢስ ነበር ለማለት ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። አጃቢ ተብሎ ለሚታለፍ መስመር ኮንሰርት የሰረዘ መሪ ሌላ አላውቅም። ከቪየናዎቹ ጋር ኋላ ታርቋል፤ በ1989 እና በ1992 የዘመን መለወጫ ኮንሰርታቸውን መርቶላቸዋል።

ወደ ሲዲው ልመለስ። 7ኛው ይበልጥ የተጫዋች ሲምፎኒ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ዋና ምት ረጅም፣ አጭር፣ መካከለኛ እያለ ያለ ዕረፍት ይሄዳል። ክንድ ሲዝል መሐል ያለችው አጭር ኖታ መዋጥ ትጀምራለች፣ ምቱም ይዝረከረካል። እዚህ አንዴም አትዋጥም። ሁለተኛው ክፍል፣ አሌግሬቶው፣ ከታች በቪዮላ፣ በቼሎና በባስ ይጀምራል። ከዚያ ዜማው ለሁለተኛ ቫዮሊን ይሰጣል፤ አንደኞቹ ገና ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ከቀኝ በኩል ብቻችንን ስንመጣ ስሙት። የክፍሉ መጨረሻ ላይ ደግሞ ክላይበር ከታተመው ኖታ ይለያል። ኖታው ቫዮሊኖቹ ደጋን እንዲያነሱ ያዛል፤ እሱ ግን እንደ አባቱ እስከ መጨረሻው በጣት እንዲቆነጥሩ ያደርጋል። ብዙ ሙዚቀኛ አይስማማበትም። ለእኔ ጆሮ ያምራል፤ ደረቅና አጭር ሆኖ ያልቃል።

የመጨረሻው ክፍል ማብቂያ ላይ ሁለቱ ቫዮሊኖች ግራና ቀኝ ሐረጉን ሲወራወሩ መቀመጥ ያቅተኛል።

ቅር የሚለኝም አለ። የ7ኛው ድምፅ እንደ 5ኛው ሞቅ ያለ አይደለም። ጮክ ሲል ላይኛው ድምፅ ይሾላል፤ ድምፁን ከመጠን በላይ ከፍ ካደረጋችሁ ጆሮ ይወጋል። አሌግሬቶውን እንደ ለቅሶ ዝግ ብሎ የለመደ ሰው ደግሞ ፈጥኖበት ሊያዝን ይችላል። ሁለቱ ሲምፎኒዎች ተከታትለው መቀመጣቸውም አይመቸኝም። 5ኛው ሲያልቅ አቁሙት። ነፍስ ዝሩ። 7ኛውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

በስልክ ድምፅ ማጉያ እንዳትሰሙት አደራ። ግራና ቀኙ ይደባለቅና የጻፍኩት ሁሉ ይጠፋል። ሁለት ስፒከር ራቅ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ወይም ደህና የጆሮ ማዳመጫ በቂ ነው። ይኼን ከወደዳችሁት ቀጥሎ በ1980 ከዚሁ ኦርኬስትራ ጋር የቀረጸውን የብራምስ 4ኛ ሲምፎኒ ፈልጉ። ያ የተጣሉበት የቤትሆቨን 4ኛም በሱ መሪነት አለ፤ በዚያው በ1982 ቀደም ብሎ፣ ሙኒክ ውስጥ ከባቫሪያ ግዛት ኦርኬስትራ ጋር በመድረክ የተቀረጸ። እዚያ ላይ ሁለተኛውን ክፍል የሚከፍቱትን ሁለተኛ ቫዮሊኖች አዳምጡ።